የትከሻዬ ምስክር

መርፌውን የወጋችኝ ነርስ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ቸኩላ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ሲያትል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እሠራ ነበር። ከቆሸሹ አንሶላዎች መሃል የተረሳ መርፌ አንዷን የሥራ ባልደረባችንን ጣቷን ወጋትና አስተዳደሩ ደነገጠ። በሳምንቱ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ልብስ ማጠቢያ የሚሠራ ሁሉ የጉበት በሽታ ክትባት ይውሰድ፣ ያልተከተበ ሥራ አይገባም ይላል። ተሰለፍን።

ተራዬ ሲደርስ ነርሷ ብዙ የማልሠራበትን ክንዴን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ለሰው ግራ እጅ መስጠት አልችልበትም። ያደግኩት ደሴ ነው፤ እኛ ቤት በግራ እጁ የተቀበለ ልጅ የተቀበለውን ተነጥቆ ኩርኩም ይጨመርለት ነበር። እናም ቀኜን ሰጠኋት። እሷ ቆማለች፣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የደንብ ልብሴ እጅጌ አልጠቀለል ሲላት አንገትጌዬን ወደ ጎን ጎትታ፣ ክንዴን ትታ ከላይ ከትከሻዬ ጫፍ ላይ ወጋችኝ። መርፌው ውስጥ ገብቶ ጠንካራ ነገር ሲነካ ተሰማኝ። ከኋላዬ ሰው ስለቆመ ምንም አላልኩም። ሰው ፊት ለመርፌ ማቃሰት ነውር መስሎኝ ነው፤ ያ ነውር ምን ያህል እንዳስከፈለኝ በኋላ አየሁት።

በማግስቱ የታጠፈ አንሶላ ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አቃተኝ። አለቃዬ ክትባት ስለሆነ በሁለት ቀን ይለቅሃል አለኝ። በሁለት ቀን አልለቀቀኝም። ሸሚዝ ስለብስ ባለቤቴ ቀኝ እጄን ይዛ እንደ ሕፃን በእጅጌው ታስገባልኝ ጀመር። ልጃችን ያኔ ገና የምትድህ ነበረች፤ አንስቼ ልስማት ስል በአንድ እጄ ስለማልችል ወለል ላይ ተቀምጬ ወደ እኔ እስክትመጣ እጠብቃታለሁ።

ጁምዓ ደረሰ። በዚያን ጊዜ የምንሰግደው ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር በተከራየነው አንድ ምድር ቤት ነበር። ሶላት ስንገባ እጆቼን ወደ ጆሮዎቼ ሳነሳ ግራው ደረሰ፣ ቀኙ ደረቴ ላይ ቀረ። ከጎኔ የቆሙት ሐጂ ይህን አይተዋል። ስንጨርስ ክንዴን ሳይነኩ "ምን አገኘህ?" አሉኝ።

ሐጂ የምንላቸው ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉ የስልጤ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲያትል መጥተው፣ አገር ቤት ነገሩ ሲከፋ መመለስ አልሆን አላቸው። ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር ከሴት ልጃቸውና ከባሏ ጋር ተቀምጠው የልጅ ልጆቻቸውን ይጠብቁ ነበር። ጥገኝነት ጠይቀው ጉዳያቸው ገና በእንጥልጥል ላይ ነው። አገራቸው ሳሉ ወጌሻ ነበሩ፤ ሦስት ገበያ አቋርጦ ሳይቀር ስማቸውን የሰማ ሰው የሚመጣላቸው ወጌሻ። ሲያትልም ይህ ሙያ አልተዋቸውም። ታክሲ ነጂው ቁርጭምጭሚቱ ሲዞር፣ የሆቴል አልጋ የምታነጥፈዋ ወገቧ ሲያዝ፣ ሁሉም ሐጂ ዘንድ ነው። ዋጋ አይቀበሉም፤ ዱዓ አድርጉልኝ ይላሉ።

እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። መርፌው ከገባ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። በአውራ ጣታቸው የትከሻዬን ዙሪያ ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሠሩት። ክንዴን አንስተው የሚቆምበት ላይ ሲደርሱ አቆሙ። አልተሰበረም፣ አልወለቀም፣ መርፌው ያለቦታው ገብቶ ውስጡን አስቆጥቶታል አሉ። በወይራ ዘይት አሹት። ቀጥለው ከትከሻዬ በስተጀርባ በምላጭ ጫር ጫር አድርገው በልጅ ልጃቸው የምግብ ጠርሙስ ዋግምት አደረጉልኝ፤ ቀንድ ከየት ይምጣ። ሲጨርሱ ሸሚዜን እያለበሱኝ፣ "ይህ የኔ ሥራ አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂድ" አሉኝ።

አልሄድኩም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለውን ለሌላ ሰው እንጂ ለራሴ አላውቅበትም። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ከሁለት ወር በኋላ፣ አለቃዬ አንድ እጅ ያለው ሠራተኛ አያስፈልገኝም በሚል ቃና እቤት ተቀመጥ ሲለኝ ነው። ሐኪሙ መገጣጠሚያው ተቆጥቶ ተቆጥቶ ተጣብቋል፣ ቀዶ ጥገናና የብዙ ወር የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ያስፈልገዋል አለ። ገንዘቡን የት አገኘዋለሁ? ክትባቱን ያዘዙት እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ በሥራ ላይ እንደደረሰ ጉዳት ታይቶ ይታከምልኝ ብዬ አመለከትኩ። ካልታከምኩ ክንዴ እንደዚያው እንደሚቀር ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሮኛል። ከልብስ ማጠቢያ ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረኝም፤ እሱም ያለ ክንድ አይሆንም።

ከፎርሞቹ አንዱ ላይ፣ ይህን ትከሻ ከሐኪም ሌላ ያከመው ሰው አለ ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። የለም ብዬ ፈረምኩ። ስፈርም የዋሸሁ አልመሰለኝም። እኛ ዘንድ ወጌሻ ዘንድ መሄድ መታከም ተብሎ የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ዘንድ እንደ መሄድ ነው። ሕክምና ማለት ነጭ ጋውን፣ ካርድ፣ ወረፋ። ያንን ነው የጠየቁኝ ብዬ አሰብኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙ ረስቼዋለሁ፣ ወረቀቱ ግን አልረሳም።

የመጦሪያው ኢንሹራንስ የራሱን ሐኪም ላከብኝ። ሐኪሙ ሸሚዜን አስወልቆ ዞረኝና ከኋላዬ ቆመ። የዋግምቱን ጠባሳዎች ሲቆጥር ከትንፋሹ አውቄዋለሁ። ዘጠኝ ነበሩ። ከወር በኋላ የመጣው ደብዳቤ ጥያቄዬን በሁለት ምክንያት ውድቅ አደረገው። አንደኛ፣ ከመርፌው በኋላ ሁለት ወር ሙሉ የአመልካቹን ትከሻ ያየ ሰው ስለሌለ ሕመሙ ከመርፌው መምጣቱ አይታወቅም። ሁለተኛ፣ ማንነቱ ያልታወቀና ፈቃድ የሌለው ሰው ትከሻውን ቆርጦታል፤ አመልካቹም ይህን ደብቋል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠበቃ አገናኘችኝ። ቢሮው መሃል ከተማ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ በላይ ነው። ወፍራም፣ ክራባቱ ላይ ሁልጊዜ የምሳው ምልክት ያለበት፣ ሲያዳምጥ የሚያንቀላፋ የሚመስል ሰው ነው። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበውና ነቃ አለ። ማን ጠባሳውን እንዳደረገ ሲጠይቀኝ ስለ ወጌሻው ያለ ስም ነገርኩት። መቼ ነው አለ። በስድስተኛው ቀን አልኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ሁለት ወር ማንም አላየውም ይላሉ" አለኝ። "አንተ ግን በስድስተኛው ቀን ያየ ሰው አለህ። ጉዳይህን የሚገድለውም የሚያድነውም ያው አንድ ሰው ነው። ስሙን ንገረኝ።"

አልነገርኩትም። እንደማስብበት ነግሬው ወጣሁ። ያኔ ሁሉ ነገር የቆመው በዚህ ላይ ነበር። ሐጂ ከመሰከሩልኝ ክንዴ ይታከማል፣ ካልመሰከሩ ደረቴ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ስማቸውን ብሰጥ ደግሞ ፈቃድ ሳይኖራቸው ሰው ማከማቸውን በራሳቸው አፍ ሊናገሩ ነው፣ ያውም የመኖሪያ ወረቀታቸው ገና ባልተወሰነበት።

ነገሩ እንዴት እንደተሰማ አላውቅም። ቼሪ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ዳቦ ስገዛ ጠጋ ብሎ፣ "ስማ፣ ሶ ያ የኢንሹራንሱ ጠበቃ ኢሚግሬሽንን ኮል ቢያደርግስ? ሽማግሌውን ታስበላቸዋለህ እኮ" አለኝ። ሌሎችም በየተራ መከሩኝ። ሁሉም ልክ ነበሩ፤ ሁሉም ግን ሁለት እጅ ነበራቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰሞን ሐጂን ብዙም አላሰብኳቸውም። ያሰብኩት ክንዴን ነው። ስማቸውን እንዴት ብዬ ሰጥቼ ሰው ሳይታዘበኝ እንደምቀር ነበር የማሰላው።

በመጨረሻ ቤታቸው ሄድኩ። ልለምናቸው ሄጄ ሳልለምን ሻይ ጠጣሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ጤና ጠየቅኩ። ሐጂ ጥቂት ታገሱኝና የመጣህበትን ተናገር አሉኝ። ተናገርኩ። ልጃቸው ወጥ ቤት ሆና ሰሃን ስታጥብ ነበር፤ ውሃው ተዘጋ። ሐጂ ወደዚያ አላዩም።

"ያየሁትን ከደበቅኩ ዓይኔ ለምን ተሰጠኝ?" አሉ። "ቀኑን ንገረኝ፣ እመጣለሁ።"

ልጃቸው ሸኝታኝ ደረጃው ድረስ ወጣች። በኋላ የሆነ ነገር ቢደርስባቸው ዓይንህን እንዳላየው አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ችሎቱ ችሎት አይመስልም። ፎቅ ላይ ያለ የስብሰባ ክፍል ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ቴፕ መቅረጫ፣ ግራጫ ፀጉር ያላት ዳኛ። መጀመሪያ እኔ ቀረብኩ። ቀኝ እጅህን አንሳና ማል ተባልኩ። ቻልኩ ያልኩትን ያህል አነሳሁት፤ ደረቴ ላይ ቆመ። የኢንሹራንሱ ጠበቃ፣ ወጣትና ንጹሕ ሰው፣ የምትሠራበትን ክንድ ለምን ለመርፌ ሰጠህ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ግራ እጅ ነገርኩት። ፎርሙ ላይ ለምን የለም ብለህ ፈረምክ አለኝ። ወጌሻ ሐኪም አይደለም ብዬ መለስኩ። ታዲያ ምንድን ነው አለኝ። እስካሁንም በአንድ ቃል የምመልሰው አይመስለኝም።

ቀጥሎ ሐጂ ገቡ። ነጭ ቆብ፣ የአማቻቸው ሰፊ ኮት። አስተርጓሚው ከኛው ልጆች አንዱ፣ ኮሌጅ የሚማር ጎበዝ ነው። ሙያቸው ሲጠየቅ ልጁ ቃል አጥሮት የአጥንት ዶክተር ናቸው አለ። ሐጂ እንግሊዝኛ ባይችሉም ያቺን አንድ ቃል ያውቋታል።

"ዶክተር አይደለሁም በላቸው" አሉት። "በዘር የመጣ እጅ ነው ያለኝ በላቸው።"

በስድስተኛው ቀን ምን እንዳዩ ጠበቃዬ ጠየቃቸው። በአፍ መናገር አልሆንላቸው አለ፤ ዳኛዋን አስፈቅደው ከወንበራቸው ተነስተው ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትከሻዬን ያዙ። የመርፌው ቀዳዳ ይቺ ጋ ነበር፣ እብጠቱ ከዚህ እስከዚህ፣ ክንዱን ሳነሳ እዚህ ላይ ይቆማል፣ ዛሬ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ቆሟል፣ አሉ። አስተርጓሚው እየተከተለ ይናገራል። ዳኛዋ ከጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ጣቶቻቸውን ትከተል ነበር። የጻፈችው ነገር አልነበረም፤ ትመለከት ነበር።

የኢንሹራንሱ ጠበቃ ተራ ሆነ። ፈቃድ አለዎት ወይ አላቸው። የለኝም። ያለ ፈቃድ ሰው ማከም በሕግ እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ? አሁን ነገርከኝ አሉ። ዳኛዋ እዚህ ላይ ገብታ ያ ጉዳይ እሷ ፊት ያለ ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ለራሳቸው ሲሉ ግን ቢተዉት እንደሚሻል በለሰለሰ ድምፅ ተናገረች። ምክር ነበር። ሐጂ ግን ዳኛ እንዲህ ሲል ተቀምጦ መስማት በማይቻልበት አገር ያደጉ ናቸው። እዚያ ዳኛ የገሠጸው ሰው ይነሳል፣ ቃል ይገባል፣ ዋስ ይጠራል። ተነሱ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ የታመመ ገላ በእጄ አልነካም" አሉ።

አስተርጓሚው ወደ ሐጂ ዞረ። ዳኛዋ ምን አሉ ብላ ጠየቀችው፤ ነገራት። ይህን እንዲሉ አልጠየቅናቸውም አለችው። እሱም መልሶ ነገራቸው። ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጠበቃዬ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ለምን እንዳደረጉት ባይገባውም ጉዳያችን ጥሩ መሆኑን ነገረኝ። እኔም የሰማሁት ጥሩ የሚለውን ነው።

አሸነፍን። ዳኛዋ ሐጂን አምናለች። ቀዶ ጥገናው ተከፈለልኝ፣ እቤት የተቀመጥኩበት ደመወዝም መጣ። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በሳምንት ሦስት ቀን የአካል እንቅስቃሴ የምታሠራኝ ባለሙያ ዘንድ እየሄድኩ እየጮህኩ ክንዴን አስዘረጋሁ። ከስምንት ወር በኋላ አንድ ጁምዓ ሶላት ስገባ ሁለቱም እጆቼ ጆሮዎቼ ጋ ደረሱ። ሐጂ ከጎኔ ነበሩ፤ ስንጨርስ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። የፈራነው ኢሚግሬሽንም አልመጣም፤ እንዲያውም በዓመቱ ወረቀታቸው ወጣላቸው።

ግን ሐጂ ሰው መንካት ተዉ። ታክሲ ነጂው መጥቶ ተመለሰ። ወገቧን የታመመችው መጥታ ተመለሰች። ሐኪም ዘንድ ሂዱ ይሏቸዋል። የሕክምና ኢንሹራንስ የሌለው ደግሞ ከሐጂ ቤት ወጥቶ ወደ ቤቱ እንጂ ወደ ሐኪም አይሄድም። ባለሱቁ ከእኔ ጋር መቀለድ አቆመ። አንድ ቀን ከሶላት በኋላ ሃይማኖት የሚያውቅ ሰው ሐጂን ይዞ፣ ለፈረሰ መሐላ ማካካሻ አለው፣ ድሃ ያብሉ፣ ካልሆነ ሦስት ቀን ይጹሙና ሥራዎን ይቀጥሉ አላቸው። አጠገባቸው ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

"ማካካሻውን አውቀዋለሁ" አሉት ሐጂ። "ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው አፍ ስለዚህ ልጅ ትከሻ መሰከርኩ። ይህንን ካፈረስኩ ያንንም ሐሰት ነበር ይሉታል።"

ስለ እኔ ሲሉ እንደያዙት ያወቅኩት ያኔ ነው። ጫማዬን አስሬ ወጣሁ። ደፍሬ ያፍርሱት ልላቸው ይገባ ነበር፤ አላልኩም።

ከዚያ በኋላ እኛም ሬኒየር ቢች ገባን፣ ከሐጂ ቤት ሁለት ሕንጻ አለፍ ብሎ። ልጄ ሦስት ዓመት ሞላት። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት እናቷ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው በእጇ ጎትታ ስታስሮጣት የልጅቷ ክንድ ተንጠልጥሎ ቀረ። ይዛት ተመለሰች። ልጅቷ ክንዷን ከሆዷ ጋር አጣብቃ፣ "ዶንት ተች፣ ዶንት ተች" እያለች ትንሰቀሰቃለች። ባለቤቴ ሐኪም ቤት እንውሰዳት እያለች እኔ እግሬ ወደ ሐጂ ቤት ወሰደኝ። ልማድ ነው፤ መሐላው ትዝ ያለኝ በራቸውን ካንኳኳሁ በኋላ ነው።

ሐጂ ከፍተው ልጅቷን አዩ። እጃቸው ወደ እሷ ተነሳ። መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቻቸውን ወደ ኋላቸው ወስደው እርስ በርስ አያያዟቸው።

"ሐጂ፣ ልጅ ናት እኮ" አልኩ።

"አይቻለሁ" አሉ። በአገጫቸው ምንጣፉን ጠቆሙኝ። "ቁጭ በል። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትነካለህ።"

ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ሐጂ በላያችን ቆመው፣ እጆቻቸው ከኋላቸው፣ በድምፃቸው ብቻ መሩኝ። በግራ እጅህ ክርኗን ያዝ፤ አውራ ጣትህ ከአጥንቱ ጫፍ ላይ ይሁን፤ እዚያ አይደለም፣ ወደ ውጭ፣ አዎ። በቀኝህ መዳፏን ያዝና ቀስ ብለህ ወደ ሰማይ አዙረው። አትፍራ። አሁን እጠፈው፣ ወደ ትከሻዋ። እኔ አልቦኝ ነበር። ልጅቷ ጮኸች፤ አውራ ጣቴ ሥር ትንሽ ነገር ጠቅ አለ። ጩኸቷ ቆመ። ክንዷን እያየች ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፣ ከጭኔ ወርዳም የልጅ ልጃቸውን መኪና አነሳች፣ በዚያው እጇ።

ሐጂ እሷን አላዩም። የሚያዩት እኔን ነበር።

"ተመለሰ?" አሉኝ።

"ተመለሰ።"

"እጅህ ላይ ምን አለህ?"

ጠቅ አለኝ አልኳቸው፣ አውራ ጣቴ ሥር፣ ቀጭን ነገር ቦታዋ እንደገባች። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኋላቸው የተያያዙት እጆች ላይ አውራ ጣታቸው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ በጎን አየሁት።

"አዎ" አሉ። "እንደዚያ ነው የሚለው።"

እንባቸው ወረደ። እኔ ደግሞ ሁለት ደህና እጆች ይዤ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ዐፈርኩ።